ጠጪ ወላጅ ያለበት ቤት ያደጉ ልጆች፦ ጅማ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ያደግኩትም የምሠራውም ጅማ ነው። አባቴ ይጠጣ ነበር።

ሥራዬን የሚያውቁ ሰዎች ቡና ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኛል። አቦል ላይ "አንዲት ጓደኛዬ አለች" ይላሉ። ቶና ላይ ጓደኛዋ እህት ትሆናለች። በረካ ላይ "እኔው ነኝ እኮ" ይመጣል። ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኳቸው። የማንንም ገመና ይዤ አልወጣሁም። የራሴን ግን ትንሽ ገለጥ አድርጌዋለሁ።

አባቴ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የሚጠጣው። እሱም ጠጪ ይባላል?

ሐኪም ቤት የምንጠቀምበት መጠይቅ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ሲሆን ኦዲት ይባላል። 10 ጥያቄ አለው። በስንት ቀን አንዴ ትጠጣለህ፣ ስትጠጣ ስንት ትጠጣለህ፣ ጠዋት ሳትቀምስ መነሳት ያቅትሃል ወይ፣ በመጠጥህ ሰበብ የተጎዳ ሰው አለ ወይ እያለ ይሄዳል። እሱ ለአባትሽ ነው።

ለልጅ ሌላ መለኪያ አለኝ። የቤቱ ነገር የሚወሰነው በማን ነው? እራት የሚቀርብበት ሰዓት፣ እንግዳ መጥራት አለመጥራት፣ ቴሌቪዥኑ ጮክ ማለት አለማለቱ "ዛሬ ጠጥቶ ይመጣ ይሆን?" ተብሎ የሚወሰን ከሆነ መልሱ እዚያው አለ። አባት የሚጠጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ሆኖ ልጁን ሐሙስ ማታ ሆዱን ከቆረጠው፣ የሁለት ቀኑ መጠጥ ሳምንቱን ሙሉ ይዞታል ማለት ነው።

እኛ ከተማ ደግሞ አንድ የተለመደ ማምለጫ አለ። "እሱ እኮ ቃሚ እንጂ ጠጪ አይደለም" ይባላል። ከሰዓት ይቅማል፣ ይመረቅናል። ሲመሽ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይላል። የታሰበው ሁለት መለኪያ አረቄ ነበር። ሰባት ይሆናል። በዘጠኝ ሰዓት በምርቃና ብስክሌት ሊገዛለት የማለለት አባት፣ ማታ በአራት ሰዓት በሩን በርግዶ ይገባል። ልጁ የትኛውን አባት ይመን?

የቡና ወቅትንም እጨምራለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ እጅ ላይ ብር ሲገባ ዓመቱን ሙሉ ደህና የነበረ ሰው የሚለወጥበት ቤት አለ። እዚያ ቤት ያሉ ልጆች ሌላው ሰው በጉጉት የሚጠብቀውን ወቅት ይፈሩታል።

ልጅ ላይ ምን ያደርጋል?

ከራሴ ልጀምር። የአባቴን አገባብ በድምፅ አውቀው ነበር። ቁልፉን በአንድ ሙከራ ከከፈተ ደህና ነው፣ እንተኛለን። ሁለቴ ከሞከረ ደብተሬን እሰበስባለሁ። ሦስቴ ከሞከረ ታናሽ ወንድሜን ይዤ ጓዳ እገባለሁ። ክረምት ሲሆን ይብስ ነበር። የጅማን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ላይ መውረድ ከጀመረ ሌላ ድምፅ አያሰማም። ቁልፉን መስማት ስለማልችል ዝናቡ ካላባራ አልተኛም ነበር። ሰው "በዝናብ እንቅልፍ ደስ ሲል" ሲለኝ አሁንም ይገርመኛል።

ያኔ ሰውነቴ ውስጥ የሚሆነው ቀላል ነገር ነው። አደጋ ሲመጣ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ የጭንቀት ሆርሞኖች ይለቀቃሉ። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ጆሮ ይቆማል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። አደጋው ማታ ማታ የሚጠበቅ ሲሆን ግን የሚመለስበት ጊዜ አያገኝም። ልጁ እንደተወጠረ ያድጋል። ውጥረቱም ጠባዩ ይመስላል።

ትንንሾቹ ላይ በሆድ ይወጣል። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ የሚቆርጠው ልጅ አለ። ስንቱ ልጅ ለጃርዲያና ለአሜባ መድኃኒት ሲውጥ ይከርማል! ሽንት መቆጣጠር ጀምሮ የነበረው እንደገና አልጋ ላይ ማምለጥ ይጀምረዋል። ክፍል ውስጥ ይተኛል። አስተማሪው ሰነፍ ይለዋል እንጂ ሌሊቱን ሲያዳምጥ እንዳደረ አያውቅም። ከፍ ያሉት ላይ ቁጣ፣ ድብርት፣ ከሰው መሸሽ፣ አንዳንዴም ራስን መጉዳት ይታያል። ልጃችሁ "ብሞት ይሻላል" የሚል ዓይነት ነገር ከተናገረ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይዛችሁት ሂዱ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌላ ነው። አባቴ ጠዋት ጠዋት ደግ ነበር። ትኩስ ዳቦ ገዝቶ ይመጣል፣ ጫማዬን ያስርልኛል። ማታ የተናገረውን አያስታውሰውም። እኔ አስታውሰዋለሁ። "ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ሰክሮ "አንቺ ባትወለጂ ኖሮ" ሲለኝ፣ እውነተኛው ልቡ ያ ነው፣ የጠዋቱ ደግነት ማስመሰል ነው ብዬ አመንኩ። ይህ ተረት ስንት ልጅ እንደጎዳ እንጃ። ዛሬ በሥራዬ የማውቀው፣ አልኮል ንግግርንና ቁጣን የሚገታውን የአእምሮ ክፍል እንደሚያደክም ነው። የሚወጣው ቃል የተደበቀ እውነት መሆን የለበትም። ያልታሰበ ነገርም ይወጣል። ልጅ ይህን አንድ ነገር ቢያውቅ ብዙ ሸክም ይወርድለት ነበር።

ለቁጥር ወዳጆች፦ እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ፣ ሳንዲያጎ ላይ፣ ከ9,000 በላይ አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው የተጠየቁበት ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከአራቱ አንድ ያህሉ ጠጪ ወይም ሌላ ሱስ ያለበት ሰው ያለበት ቤት ያደጉ ነበሩ። እንዲህ ያለው ነገር ብቻውን ሲሆን አንድ ነገር ነው። ድብደባ፣ ስድብ፣ የእናት መደብደብ እየተጨመረበት አራትና ከዚያ በላይ ሲደርስ፣ ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸር በኋላ ለሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ የመጋለጥ ዕድሉ ከ4 እስከ 12 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ዕድል ነው ያልኩት። ፍርድ አይደለም።

ልጄ ግን ምንም አልሆነችም። እንዲያውም ከክፍሏ አንደኛ ነው የምትወጣው።

ይህን ጥያቄ ስሰማ ወንበሬን ጠጋ አደርጋለሁ።

የሚረብሽ ልጅ ይታያል። አስተማሪ ይጠራዋል፣ ዘመድ ይመክረዋል፣ አንዳንዴ እኛ ጋ ይመጣል። ጎበዟ ልጅ ግን አትመጣም። አሥር ዓመቷ ነው፣ እንጀራ ትጋግራለች። ወንድሟን አጥባ ትምህርት ቤት ትወስዳለች። አባቷ ወድቆ ሲተኛ ጫማውን ታወልቅለታለች፣ በጎኑ ታስተኛዋለች። ጠዋት ሥራ ቦታው ደውላ "አባዬን አሞታል" ትላለች። ጎረቤቱ "ትንሽዬ ትልቅ ሰው! እሷ ባትኖር ምን ይውጣቸው ነበር" ይላል። ያመሰግናታል። እሷም ምስጋናውን እንደ ደመወዝ ትቀበላለች፣ ሌላ ደመወዝ የላትምና።

እኔም ያቺ ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ ውስጡን አውቀዋለሁ። ሰው ከመናገሩ በፊት ፊቱን አይቼ ምን እንደሚፈልግ ማወቅ እችላለሁ። "አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?" ሲባል ግን ባዶ ነው። ምሳ ምን ልብላ የሚለው ራሱ ያስጨንቀኛል። ሃያ ስድስት ዓመቴ ላይ ሰዎች ምግብ ቤት ይዘውኝ ሄደው ሜኑ ሲሰጡኝ አልቅሼ አውቃለሁ። ሜኑ ነው እንግዲህ!

እናት ሆይ፣ ልጅሽ ብትጎብዝ አትዘኚ። ግን ሦስት ነገር እዪልኝ። ስትሳሳት ምን ትሆናለች? 95 አምጥታ ስላለፋት 5 ማታ የምትሰቃይ ከሆነ ጉብዝናው ፍርሃት አለበት። ትጫወታለች? ሥራ ሳይኖራት ዝም ብላ መቀመጥ ትችላለች? ደግሞ ስትታመም ትናገራለች ወይስ ትደብቃለች?

ከሸክሙ አንዱን ብቻ አንሺላት። የአባቷን ጫማ ከማውለቅ ጀምሪ። ሥራ ቦታው መደወልም የእሷ ሥራ አይደለም።

እናት ስትጠጣስ ይለያል?

የልጁ ጉዳት ተመሳሳይ ነው፤ የሰፈሩ አፍ ነው የሚለየው። አባት ሲጠጣ "ምን ያርግ፣ ኑሮ ነው" ይባላል። እናት ስትጠጣ ይቅርታ የለም። ስለዚህ ልጁ አብልጦ ይደብቃል። በራፍ ላይ ቆሞ "እማዬ የለችም" የሚል ልጅ ስታዩ ነገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

በእርግዝና ጊዜ "ጠላ ደም ይሆናል፣ ምንም አይልም" የሚለውን ተዉት። በእርግዝና ወቅት ጉዳት የለውም የተባለ የአልኮል መጠን የለም። የጽንሱን አእምሮ ይጎዳል።

ሌላ ደግሞ አለ። ራሷ ሳትቀምስ አረቄ አውጥታ፣ ጠላ ጠምቃ ልጆቿን የምታሳድግ እናት። እሷን ከጠጪ ጋር አልደምራትም። በጣሳና በመለኪያ ስንት ተማሪ ዩኒቨርሲቲ እንደገባ እናውቃለን። ግን ልጆቹ የሚያድጉት በየቀኑ ከሚለዋወጡ ሰካራሞች መሀል ነው። ሴቶቹ ልጆች ደግሞ እየቀዱ የሚሰሙትንና የሚነካቸውን እጅ እናት ሁልጊዜ አታይም። ቤቱ አንድ ክፍል ቢሆን እንኳ መጋረጃ ሳይሆን የሚዘጋ ነገር ይኑር። ከመሸ በኋላ ልጅ አይቅዳ።

በነገራችን ላይ ልጅን ሃይላንድ አስይዞ አረቄ መላክ ድሮ የተለመደ ነበር። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ሕጉ ባይኖርም፣ ልጁ የሚፈራውን ነገር ራሱ ገዝቶ እንዲያመጣ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ከቤት ከወጣሁ ቆየሁ። የራሴ ቤት፣ የራሴ ደመወዝ አለኝ። ለምን አይለቀኝም?

ሰውነት ከቤት መውጣትሽን ቶሎ አይሰማም። ባልሽ ሥራ ውሎ ደክሞት ዝም ሲል "ምን አጠፋሁ?" ትያለሽ። አለቃሽ በሩን ጠንከር አድርጎ ሲዘጋ ልብሽ ይመታል። የአረቄ ሽታ ታክሲ ውስጥ ሲመጣ ሳትወጂ ትወርጃለሽ። ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን ደግሞ ይብስብሻል፤ ጸጥታ ማለት ከማዕበል በፊት ያለው ነዋ።

ብዙዎቻችን "እምቢ" ማለት አንችልም። ወይም በትንሹ በትልቁ እንቆጣለን። ገንዘባችንን ለተቸገረ ሁሉ እንበትናለን። ሊድን የማይፈልግ ሰው ፈልገን እናገባለን፣ ከዚያ እናድነዋለን ብለን እንደክማለን። ይህ የባሕርይ ክፋት አይደለም። አንድ ጊዜ ሕይወትሽን ያተረፈ ብልሃት ነው። ጊዜው አልፎበት እንኳ መሥራቱን አላቆመም።

ይታከማል ወይ? አዎ። የንግግር ሕክምና ይረዳል። ድብርቱ ወይም ጭንቀቱ ከጠና መድኃኒት አለው። እኔ መጀመሪያ የተማርኩት ነገር አስቂኝ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ቆም ብዬ "አሁን ራበኝ? ደከመኝ? ተናደድኩ?" ብዬ መጠየቅ። ሌላ ምንም። መልሱን ለማወቅ ወራት ፈጀብኝ።

እኔም እንደ አባቴ እሆናለሁ?

ግማሽ ያህሉ በዘር ነው። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ የአልኮል ሱስ ተጋላጭነት 50 በመቶ ያህሉ በዘር የሚተላለፍ ሆኖ ይገኛል። ግማሽ ማለት ግን ሙሉ አይደለም። ከጠጪ ወላጅ የተወለዱ አብዛኞቹ ልጆች ሱሰኛ አይሆኑም።

መጠንቀቂያው ምንድን ነው? "እኔን አይጥለኝም፣ ስድስት ቢራ ጠጥቼ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ" የሚል ሰው ራሱን ይፍራ። ቶሎ አለመስከር ጥንካሬ ይመስላል እንጂ ለሱስ የተጋለጠ ሰው ምልክት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ለጭንቀት ወይም ለእንቅልፍ ብለህ አትጠጣ። ሦስተኛ፣ ጫት እቅማለሁ ማለት አልጠጣም ማለት አይደለም፤ ጨብሲን ከላይ ተናግሬዋለሁ። እኔ በበኩሌ ጭራሽ አልቀምስም። ሰርግ ላይ "አንዴ ብቻ" ሲሉኝ አምቦ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ እይዛለሁ። ማንም ልብ አይለውም።

ቤታችን ሙስሊም ነው። አባቴ እንደሚጠጣ ማንም አያውቅም። ለማን እናገራለሁ?

ያንተ ሁለት እጥፍ ነው። ሌላው ልጅ ስካሩን ይደብቃል፤ አንተ ጠርሙሱንም፣ ሽታውንም፣ የት እንዳመሸም ትደብቃለህ። ክርስቲያኑ ቤት ቢያንስ "ጠጥቶ ነው" ይባላል። አንተ ያ ቃልም የለህም።

ለሁሉም መንገር የለብህም። አንድ ሰው ይበቃል። አክስት ሊሆን ይችላል፣ የምታምነው ኡስታዝ፣ አስተማሪ፣ የጓደኛህ እናት። ይህን ለማጽናናት አይደለም የምለው። ሃዋይ ውስጥ ካዋይ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋቸው ነበር። ከመካከላቸው ጠጪ ወላጅ የነበራቸውም አሉ። ከእነዚህ ደህና ሆነው ያደጉት ምን ነበራቸው ሲባል፣ ደጋግሞ የወጣው መልስ ከቤት ውስጥም ሆነ ከውጭ አንድ የማይለዋወጥ ትልቅ ሰው ነው። አያት፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት።

ለእኔ ጎረቤታችን ነበረች። እትዬ እላት ነበር። አንድም ቀን ስለ አባቴ ጠይቃኝ አታውቅም። ግን መብራቷን ሳታጠፋ ታመሽ ነበር፣ በሯም አይቆለፍም። ለካ ሆን ብላ ነው። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ጅማ ውስጥ የት ይኬዳል?

ቅርብህ ያለው ጤና ጣቢያ ሂድ። የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ካለ እዚያው ያይሃል። ከበድ ካለ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይልክሃል። እዚያ የሥነ አእምሮ ክፍል አለ። ተመላላሽም ተኝቶ መታከምም ይቻላል። በዘርፉ ባለሙያዎችም እዚያው ይሠለጥናሉ፤ ስለዚህ ተማሪዎች አብረው ቢገቡ አትደንግጥ፣ ካልፈለግክም መናገር ትችላለህ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ማጻፉን አትርሱ። ያለሱ ከኪስ ነው።

"ሳይካትሪ በር ላይ ሰው ቢያየኝስ?" ይሉኛል። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፣ ሊያይህ ይችላል። ግን አስበው፤ የሚያይህም ሰው እዚያ ምን እየሠራ ነው?

አባቴ በጾሙ መጠጥ በአንዴ አቁሞ ጠበል ሊገባ ነው። እሰየው አይደል?

ቆይ! ይህን በጥሞና አንብበው።

ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊሞት ይችላል። የምለው ለማስፈራራት አይደለም። አእምሮው በአልኮል ተጭኖ መሥራትን ለምዷል። ጭነቱ በአንዴ ሲነሳለት ይፈነዳል። መጀመሪያ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ደግሞ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ሰው አይለይም፣ ያተኩሰዋል። ይህን ቤተሰብ ሲያይ "ርኩስ መንፈሱ ጮኸ" ይላል። ብዙ ጊዜ አልኮሉ ነው የጮኸው። ሰዓታት በከንቱ ይሄዳሉ።

ሐኪም ጋ ቀድሞ ቢታይ ይህ ሁሉ በመድኃኒት ይበርዳል። ዳያዜፓም የመሰለ መድኃኒት በቀን በቀን እየተቀነሰ ይሰጠዋል። ቫይታሚን ቢ1 ይጨመርለታል፤ ጠጪ ሰው ስለሚጎድለውና ጉድለቱ አእምሮን ስለሚጎዳ። ጠበሉን ይተው አላልኩም። ጸሎት የያዘው ሰው ከሱስ ሲቆም አይቻለሁ። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ መድኃኒቱንም ይዞ ይግባ። ጠበል ቦታው ላይ መድኃኒት አቁም ከተባለ ንስሐ አባቱ እንዲነጋገሩለት አድርጉ።

ሽማግሌ ብንልክበትስ?

ላኩ። ግን ጠዋት ይሁን። የሚጠየቀው ነገር አንድና ግልጽ ይሁን፦ "ማክሰኞ ከእኛ ጋር ሐኪም ቤት ትሄዳለህ።" "ጠባይህን አሳምር" ምንም አያመጣም። ልጅን ምስክር አድርጋችሁ አታቁሙ። እኔን አቁመውኝ ያውቃሉ። አባቴ ዓይኔን ሲያየኝ "አይጠጣም" አልኩ።

ሲመታንስ?

መሀል አትግባ፣ በተለይ ልጅ ከሆንክ። ታናናሾችህን ይዘህ ውጣ። የምትሄድበት ቤት ቀድሞ ይታወቅ፣ የበሩ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ይታወቅ። እናትህ ተጎድታ ከሆነ ሐኪም ቤት ትሂድ፣ የሆነውን እንዳለ ትናገር፤ "ወድቄ ነው" ካለች ማስረጃው ይጠፋል። ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዝ ሰው ጠይቁ። ስካር ድብደባን አያስምርም።

ለልጆቼ ምን ልበላቸው?

ያለውን። ዝምታውን እነሱ በራሳቸው ይሞሉታል፤ የሚሞሉትም "በእኔ ምክንያት ነው" በሚል ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ይበቃል፦ "አባዬ መጠጥ የሚባል ሕመም ይዞታል። አንተ አላመጣህበትም። አንተ ልታድነውም አትችልም። ሲጮህ እኔ አለሁ።" አባቱን አትስደቢበት። ልጁ ይወደዋል፣ ግማሹም እሱ ነው። ግን "አባዬን ደክሞት ነው" ብለሽ አትዋሺው። አፍንጫ አለው፣ ይሸተዋል። አንቺ የለም ስትዪው የራሱን አፍንጫ መጠርጠር ይጀምራል።

አባቴ ካቆመ ስምንት ወር ሆነው። ለምንድን ነው ደስ ያላለኝ?

ቤቱ ሁሉ "ተመስገን" ሲል አንቺ ብቻ ተኮሳትረሽ ክፉ የሆንሽ ይመስልሻል። አይደለሽም። ስካሩ ቆመ እንጂ ሂሳቡ አልተዘጋም። ጨው በሚሸጥበት ሱቅ በዱቤ ደብተር ላይ ያለውን ዕዳ ዝም በማለት አትሰርዢውም፣ አይደል? ደግሞ እስካሁን ቁጣሽን የምትገልጭበት አጋጣሚ አልነበረም፤ ሰካራም ላይ ማን ይቆጣል። አሁን የሚሰማ ሰው መጣ። ቁጣውም ተከትሎት መጣ።

ሌላም አለ። ማዘዝ ለምደሽ ነበር። ገንዘቡን አንቺ ትይዢ ነበር፣ ታናናሾችሽ አንቺን ነበር የሚሰሙት። አሁን አባት ነኝ ብሎ "የት አመሸሽ?" ይላል። ያናድድሻል። ያናድዳል እኮ!

አባቴ ሞተ። አላለቀስኩም። ጤነኛ ነኝ?

የእኔ አባት የሞተው በጉበት ነው። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ "ደግ ሰው ነበር" ይላል። ደግ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት። እኔ ዕድሩ ድንኳን ውስጥ ሻይ አዞራለሁ፣ ወንበር እቆጥራለሁ፣ እንጀራ አነሰ አላነሰ እላለሁ። ጎበዟ ልጅ ነኝና። ውስጤ ዕረፍት ነበር፤ በዕረፍቱ ደግሞ አፈርኩ። እንባ አልመጣም። አንዷ ዘመዴ "ልቧ ድንጋይ ነው" ስትል ሰምቻታለሁ።

ዕረፍት መሰማቱ ጤነኛ ነው። አለማልቀስም ጤነኛ ነው። የሚታዘነው ለሞተው ሰው ብቻ አይደለም፤ ላልነበረው አባትም ነው፣ እሱ ደግሞ የአርባ ቀን ቀጠሮ የለውም። ሳይታሰብ ይመጣል።

ለእኔ የመጣው በሦስተኛው ወር ነው። ሐምሌ ነበር፣ ማታ፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ። ተከራዩ ጎረቤቴ አምሽቶ መጣና በጨለማ ቁልፉን የራሱ በር ላይ ይሞክራል። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ሳላውቀው ከአልጋዬ ብድግ ብዬ ጓዳው በር ላይ ቆሜያለሁ፣ በባዶ እግሬ፣ የሌለ ወንድሜን በእጄ እየፈለግኩ። ወንድሜ አግብቶ አጋሮ ነው የሚኖረው። በሩ ተከፈተለት፣ ገባ፣ መብራቱን አጠፋ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።